ኮዳው ውስጥ ያለው ሂሳብ

(ለረጅም ርቀት ብስክሌተኞችና ለአሰልጣኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁላችሁም ታያላችሁ፤ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሁለት ሎሚ፣ አንድ የኩሽና ሚዛን። ስለ ስፖርት መጠጥ ለመነጋገር ከዚህ ያለፈ ዕቃ አያስፈልገንም። ከውጭ የሚገባው ዱቄት መጥፎ ነው ለማለት አይደለም፤ ላገኘው ሰው ምቹ ነው። ነገር ግን ውስጡ ያለው በአብዛኛው ስኳርና ጨው ነው፤ የቀረው ቀለም፣ ጣዕምና ማሸጊያ ነው።

ኮዳ ሦስት ሥራ አለው። ውሃ ያደርሳል፣ ስኳር ያደርሳል፣ ጨው ያደርሳል። ሦስቱ በአንድ አፍ ይግቡ እንጂ ልካቸው ከአንድ ቦታ አይመጣም። ስኳሩን የሚወስነው ፔዳሉን የምትረግጡበት ኃይልና የምትቆዩበት ሰዓት ነው። ውሃውን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ጨውን ደግሞ የላባችሁ ብዛትና ጨዋማነት። ይህን ካልለያችሁት የሚከተለው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ሞቀኝ ብሎ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሳያስበው ስኳሩንም አብዝቶ ሆዱ ይነፋል፤ በብርድ ጊዜ ያልጠማው ደግሞ ኮዳውን ሞልቶ ይመለሳል፣ በመንገዱ አጋማሽ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

ከስኳሩ እንጀምር። በአማካይ 200 ዋት የሚያወጣ ጋላቢ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፔዳሉ ላይ 720 ኪሎ ጁል ሥራ ይሠራል። ሰውነት ካቃጠለው ጉልበት ፔዳሉ ጋ የሚደርሰው ሩቡ ያህል ነው፤ ሦስት እጁ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አንድ ኪሎ ካሎሪ ደግሞ 4.2 ኪሎ ጁል ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ይጣፋሉ፤ ስለዚህ 720 ኪሎ ጁል የሠራ ሰው ወደ 720 ኪሎ ካሎሪ አቃጥሏል ብላችሁ ብትይዙት ብዙም አትሳሳቱም። የዋት መለኪያ ላላችሁ ይህ ጥሩ አቋራጭ ነው። አራት ሰዓት ሲሆን 2,900 ገደማ ይደርሳል።

አሁን መጋዘኑን እንይ። በደንብ በልቶ ያደረ ሰው ጡንቻው ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም ግላይኮጅን፣ ማለትም የተከማቸ ስኳር፣ አለው፤ ጉበቱ ውስጥ ደግሞ 100 ግራም ያህል። በግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ብትመቱት ከ2,000 እስከ 2,400 ይመጣል። ስብ ከፊሉን ይሸፍናል፤ ዳገት ላይ ሲከር ግን ስብ አይደርስላችሁም፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። ከሦስተኛው ሰዓት በኋላ "ባትሪዬ አለቀ" የምትሉት ይህንን ነው። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውየው ያለምክንያት ይቆጣል። የጎን ጓደኛችሁ በድንገት ዝም ካለ ወይም በትንሽ ነገር ከተነጫነጨ ከመምከራችሁ በፊት የሚበላ ስጡት።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 የቦስተን ማራቶን ሯጮችን የመረመሩ ሐኪሞች ደክመው የጨረሱት ሰዎች የደም ስኳራቸው ወርዶ አገኙት፤ በቀጣዩ ዓመት ከረሜላ እየበሉ እንዲሮጡ አደረጉና ለውጡን አዩ። ለእኛ የበለጠ የሚቀርበው ግን በብስክሌተኞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመው የተመራማሪው የኮይልና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። የሠለጠኑ ጋላቢዎች ጣዕም ብቻ ያለው ውሃ ሲጠጡ ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ደከሙ፤ ስኳርነት ያለው ሲጠጡ በዚያው ፍጥነት አራት ሰዓት ያህል ቆዩ። አንድ ሙሉ ሰዓት ማለት ነው።

ስንት ይጠጣ ለሚለው መልሱ ያለው ትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ነው። ግሉኮስ የሚያልፍበት በር በሰዓት 60 ግራም ገደማ ካሳለፈ በኋላ ይጠግባል። የቀረው አንጀት ውስጥ ተቀምጦ ውሃ ይስባል፣ ይቦካል። ፍሩክቶስ ግን የሚገባው በሌላ በር ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ የወሰደ ሰው በሰዓት ወደ 90 ግራም ይደርሳል፤ ሆዳቸውን ለወራት ያለማመዱ ፕሮፌሽናሎች 120 ግራምም ይወስዳሉ። እና ግማሹ ግሉኮስ ግማሹ ፍሩክቶስ የሆነው፣ በየሱቁ የሚገኘው ነገር ምንድን ነው? የሻይ ስኳር። አንጀት ላይ ሲደርስ ለሁለት ይሰነጠቅና በሁለቱም በር ይገባል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። "ግሉኮስ" ተብሎ በቆርቆሮና በካርቶን የሚሸጠውን ነጭ ዱቄት ከስኳር የበረታ መድኃኒት አድርጎ የሚያየው ጋላቢ ጥቂት አይደለም። ለረጅም መንገድ ግን ከስኳር ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአንዱ በር ብቻ ይገባል። ሁለተኛ፣ አንጀት የሚቆጥረው ግራም ሳይሆን በውሃው ውስጥ የሟሙትን ቅንጣቶች ብዛት ነው። አንዱ የስኳር ቅንጣት ሁለት ቅንጣት አንድ ላይ የተያያዘ ስለሆነ በተመሳሳይ ክብደት የቅንጣቱ ቁጥር ወደ ግማሽ ይወርዳል። በሊትር 75 ግራም ስኳርና 1.5 ግራም ጨው ወደ 270 ሚሊ ኦስሞል ይመጣል፤ ሚሊ ኦስሞል የእነዚህ ቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው። የደማችን ከ285 እስከ 295 ነው፤ ስለዚህ መጠጡ ከደም ጋር ይቀራረባል፣ ውሃው ያለ ትግል ይገባል። ያንኑ 75 ግራም በግሉኮስ ዱቄት ብትበጠብጡት ከ400 በደንብ ያልፋል። ያኔ አንጀት ውሃ ከመስጠት ይልቅ ከደም ውሃ ይጎትታል። ጠጥታችሁ ጠጥታችሁ ጥማቱ የማይበርድ፣ ሆዱ እንደ ጀሪካን የሚናወጥ፣ ምክንያቱ ይኼ ነው።

እንግዲህ እንበጥብጥ። ሚዛኑ ላይ 150 ግራም ስኳር። ሚዛን የሌለው ሰው፣ አፉ ድረስ ተሞልቶ በቢላ የተላገ የሾርባ ማንኪያ 12 ግራም ገደማ ይይዛል፤ አሥራ ሁለት ተኩል ማንኪያ ነው። ቁልል አድርጋችሁ ከጨለፋችሁ ሂሳቡ ይበላሻል፤ ቁልል ማንኪያ አንዳንዴ እጥፍ ይይዛል። ጨው 3 ግራም፤ በደቃቅ ጨው ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልክ። መሬት መሬት የሚለው ሻካራ ጨው ከሆነ ማንኪያው የሚይዘው ስለሚለያይ አሥር ማንኪያ መዝናችሁ ለአሥር አካፍሉት። ሃይላንዱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አድርጋችሁ ስኳሩንና ጨውን ጨምራችሁ ምቱት። ታቹ ላይ ምንም እስከማይቀር ድረስ። የሁለት ሎሚ ጭማቂ በማጥለያ፣ ፍሬው የኮዳውን አፍ ይደፍናልና። ከዚያ እስከ 2 ሊትር ውሃ ሙሉበት። አለቀ። በሊትር 75 ግራም ስኳርና 590 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አላችሁ። ሎሚው ለጣዕም ነው፤ ጉልበት አይሰጥም፤ ካልጣፈጣችሁ ግን አትጠጡትም፣ ያልተጠጣ መጠጥ ደግሞ ምንም አይሠራም።

ስትቀምሱት ከለስላሳ ያነሰ ጣፋጭነት ሊኖረው ይገባል። ለስላሳ በሊትር 105 ግራም አካባቢ ስኳር አለው፣ ጨው የለውም ማለት ይቻላል። በመጨረሻው ሰዓት ጋዙ የወጣለት ኮካ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ሰዓት ግን ምን ያጣድፋል?

አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ኮዳ ከዚህ መጠጥ 56 ግራም ስኳር ይይዛል። ከሰዓት በታች ለሆነ ልምምድ ውሃ ይበቃል። እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም፣ ከዚያ በላይ ከ60 እስከ 90 ያዙ። 80 ግራም የፈለገ ሰው በሰዓት አንድ ኮዳና አንድ መካከለኛ ሙዝ ይወስዳል፤ ሙዙ 25 ግራም ገደማ አለው። ተምር ከሆነ እንደ ትልቅነቱ ከ6 እስከ 18 ግራም ይደርሳል። ፍሬውን ቤት አውጡለት፤ ዳገት ላይ ፍሬ መትፋት ትንፋሽ ይሰርቃል። በክረምት አዲስ አበባ ዙሪያ በሰዓት ከ400 ሚሊ ሊትር በላይ አትጠጡም። ስለዚህ ኮዳው የሚሰጣችሁ 30 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረውን ከጀርሲው ኪስ መብላት አለባችሁ። ዱባይ አልቁድራ መንገድ ላይ የሚጋልበው ወገናችን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በሰዓት አንድ ሊትር ተኩል ከዚህ መጠጥ ቢወስድ 112 ግራም ስኳር ገባ ማለት ነው፤ ያልለመደ ሆድ አይችለውም። እሱ አንዱን ኮዳ መጠጥ፣ ሌላውን ጨው ያለበት ውሃ ያድርግ።

ማርስ? ማር ከአምስት እጁ አራቱ ስኳር ነው፤ የሾርባ ማንኪያው 17 ግራም ይሰጣል። ብርዝ ለአያቶቻችን መንገደኞች ጥሩ ነበር። ችግሩ የማር ፍሩክቶስ ከግሉኮሱ ይበልጣል፤ በብዛት ከተወሰደ አንዳንዱን ሰው ያስሮጠዋል፣ ወደ ሽንት ቤት ማለቴ ነው። ዳቦ ላይ ተቀብቶ ግን እጅግ መልካም ነው፤ የዳቦው ስታርች ግሉኮስ ስለሆነ ሁለቱ ይመጣጠናሉ።

በሶን ብዙ ጊዜ ትጠይቃላችሁ። በሶ የስንቅ ንጉሥ ነው፤ ከ100 ግራሙ 70 ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው፣ ስታርች በመሆኑም ቅንጣቱ ጥቂት ነው፣ ውሃ አይጎትትም። ነገር ግን አሰርነቱ ብዙ ነው። ከመነሣታችሁ ሦስት ሰዓት በፊት ቢጠጣ ያማረ ቁርስ ነው። ኮዳ ውስጥ ሲገባ ግን ታቹ ላይ ይዘቅጣል፣ የኮዳውን አፍ ይደፍናል፣ ከሦስተኛው ሰዓት በኋላም ሆድ ይከብዳል። ጭኮ ደግሞ ቅቤ አለው፤ ስብ ጨጓራን ያዘገያል። ጭኮን ለቀስታ ጉዞና ለማታ አስቀምጡት። ተልባ ጠጥቶ ለረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው ካለ ደግሞ፣ ተልባ የታወቀ ሥራ አለው፤ ያንን ሥራ መንገድ ላይ አትስጡት።

ወደ ውሃ። የላባችሁን ልክ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፤ መለካት ነው። ሽንት ሸንታችሁ፣ ልብስ አውልቃችሁ ተመዘኑ። ስትመለሱ ላቡን በፎጣ አድርቃችሁ እንደገና። 62 ኪሎ ወጥቶ 60.8 የተመለሰ፣ 1.5 ሊትር የጠጣ፣ መንገድ ላይ 0.2 ሊትር ያህል የሸና ሰው፣ 1.2 ሲደመር 1.5 ሲቀነስ 0.2፣ 2.5 ሊትር አልቦታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ከነበረ በሰዓት አንድ ሊትር ነው። ይህን በብርድ አንድ ቀን፣ በሙቀት አንድ ቀን ሥሩት። ያላባችሁትን ሁሉ መተካት የለባችሁም። የሰውነት ክብደታችሁ ከሁለት በመቶ በላይ እንዳይቀንስ ጠብቁ፤ ለዚህ ሰው 1.2 ኪሎ ማለት ነው፣ ልክ ድንበሩ ላይ ነው ያለው።

ከመውጣታችሁ በፊት ከነበረው ክብደት ጨምራችሁ ከተመለሳችሁ ግን እሱ የባሰ ነው። ተራ ውሃ ከመጠን በላይ የጠጣ ሰው የደሙ ሶዲየም ይቀጥናል። ጣቱ ያብጣል፣ ቀለበቱና የእጅ ሰዓቱ ይጠብቀዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ነገር ይምታታበታል። አጃቢው "ውሃ አንሶት ነው" ብሎ ተጨማሪ ውሃ ከሰጠው ሊገድለው ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው ውሃ ከልክሉና ሐኪም ቤት አድርሱ።

ጨውን በተመለከተ፣ ከአንዱ ሰው ላብ ወደ ሌላው ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ በሊትር ከ200 እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይሄዳል። ሲደርቅ ጥቁሩ ጀርሲ ላይ ነጭ ካርታ የሚተውለት፣ ዓይኑን የሚቆጠቁጠው፣ ጨዋማ ላብ ያለው ነው፤ ከአራት ሰዓት በላይ በሙቀት ሲጋልብ በ2 ሊትሩ ላይ ጨውን ወደ 4 ግራም ያሳድገው። የጡንቻ መጨማደድን ግን ሁሉ በጨው አታሳብቡ፤ በአብዛኛው የሚመጣው ጡንቻው ከለመደው በላይ ሲሠራ ነው። ለምለም፣ ኦ አር ኤስ ማለቴ ነው፣ በሊትር 75 ሚሊ ሞል፣ ማለትም 1,700 ሚሊ ግራም ገደማ ሶዲየም አለው፤ ግሉኮሱ ግን 13.5 ግራም ብቻ ነው። ለተቅማጥ የተቀመመ ነው። ልምምድ ካለቀ በኋላ ውሃ ለመተካት ጥሩ ነው፤ ለዳገት ነዳጅ አይሆንም።

ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እንየው፤ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የሚወጣ ጋላቢ። አፋፉ ላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፣ ጠዋት ይቀዘቅዛል። ቁልቁለቱ ላይ እጅ ከፍሬን አይነሣም፣ መኪናው ብዙ ነው፤ ማንም አይበላም፣ ማንም አይጠጣም። የዓባይ ድልድይ ጋ ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ወርዷል፣ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል፣ ኮዳው ሞልቷል፣ ሆዱ ባዶ ነው። ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ይጀምራል። በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ነፋስ አያገኝም፤ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፣ አያቀዘቅዝም። እዚያ ላይ ደንግጦ አንድ ሙሉ ኮዳ ለብ ያለ ጣፋጭ በአንዴ ይገለብጣል። አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያስታውካል። የሚደረገው ይኼ ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ቁልቁለቱን ከመጀመር አሥር ደቂቃ በፊት ማር የተቀባ ዳቦ ይበላል። ድልድዩ ጋ ሳይቆም ሁለት ጉንጭ ይጠጣል። ከዚያ ሰዓቱን በየአሥር ደቂቃው እንዲጮህ ሞልቶ በጮኸ ቁጥር ሁለት ሦስት ጉንጭ። አንዱ ኮዳ ተራ ውሃ ይሁን፤ ግማሹ ለአፍ፣ ግማሹ ለአናትና ለማጅራት። ጣፋጩን አናቱ ላይ ያፈሰሰ ሰው ዝንቡ ደጀን ድረስ ይሸኘዋል። ኮዳዎቹ ማታ ግማሽ ድረስ ተሞልተው ፍሪጅ በረዶ ቤት ካደሩ፣ ጠዋት ላይ ቢሞሉ፣ ድልድዩ ጋ አሁንም ቀዝቃዛ ናቸው።

የጠዋቱ ቁርስ ቀላል ነው። ውድድሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሆነ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሡ። 60 ኪሎ ለሆነ ሰው በኪሎ 2 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ 120 ግራም፤ እያንዳንዱ 100 ግራም የሆነ ሁለት ነጭ ዳቦ፣ ማር ወይም ማርማላታ፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ። ማታውን ሩዝ ወይም ፓስታ፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ሽንብራና ቆሎ ለነገ ማታ ይቆዩ። ሆድም እንደ እግር ይለማመዳል። በሰዓት 40 ግራም ጀምራችሁ በየሳምንቱ አሥር አሥር ጨምሩ፤ ውድድር ቀን ላይ በጭራሽ አዲስ ነገር አትሞክሩ።

ቡና ይጠቅማል። በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ካፌይን፣ ከመነሣት ሰዓት ያህል በፊት፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። አቦሉና በረካው ግን እኩል አይደሉም፤ የቤት ቡና በሚሊ ግራም አይቆጠርም፣ በልምምድ ሞክሩት። ካፌይን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የተከለከለ አይደለም። ጫት ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ካቲን በውድድር ወቅት በሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ካለፈ ቅጣት ያመጣል፤ "ትናንት ነው የቃምኩት" ምክንያት አይሆንም።

ስትመለሱ፣ በማግሥቱ ወይም በዚያው ቀን ሌላ ልምምድ ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በኪሎ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት በየሰዓቱ፣ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን፣ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ሊትር ከሩብ እስከ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ጨው ካለው ምግብ ጋር። በጾም ወቅት ፕሮቲኑ ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከአተር ይምጣ፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ወደ 25 ግራም አለው። የእህል ፕሮቲን ትንሽ ስለሚደክም ከፍ አድርጋችሁ ውሰዱ። ሻዩንና ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቁት፤ ብረት እንዳይገባ ያግዳሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ጋላቢ ከባዱን ልምምድ ከሰዓት በኋላ፣ ከበላ ሁለት ሰዓት አሳልፎ ቢያደርገው ይሻላል፤ ጠዋት ከወጣ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ፣ አይክረር። ረመዳን ላይም ከባዱ ልምምድ ከፊጥራ በኋላ ይሁን። አሰልጣኞች፣ ጹሙ አትጹሙ ማለት የእናንተ ሥራ አይደለም። ሰዓቱን ማስተካከል ግን የእናንተ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ቤት ስትደርሱ የኮዳችሁን አፍ ፈታችሁ ወደ ውስጥ እዩት። ጎማው ሥር ጥቁር ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ስኳር ያለበት ኮዳ አንድ ሌሊት ሳይታጠብ ካደረ ይጀምረዋል። ያለ ምክንያት ሆዱን የሚያመው ጋላቢ መጀመሪያ የሚመረመረው እዚያ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ አፉን ለብቻው በትንሽ ብሩሽ፣ ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ደፍታችሁ አድርቁት። ጥቁሩ ካልለቀቀ ክዳኑን ቀይሩት። ጥርሳችሁን ደግሞ መንገድ ላይ ከመጨረሻው ጉንጭ በኋላ በተራ ውሃ ተጉመጥመጡ፤ ብሩሹን ግማሽ ሰዓት ቆዩና አንሡት፣ ሎሚው ያለሰለሰውን ጥርስ ወዲያው መፋቅ ይጎዳዋል።